ሁለት መልስ የሰጠው ኮምፒውተር

ደንበኞቿ «ቆይ-ልሞክረው» ይሏታል። ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። አንድ ሰው አልነሳ ያለ ማሽን አቅፎ መጥቶ «ምን ሆኖ ይመስልሻል?» ሲላት መልሷ ያው አንድ ነው፤ «ቆይ፣ ልሞክረው።» ስሙን ያወጣላት ከሱቋ ጎን ቁልፍ የሚቀርጸው ጎረቤቷ ነው። እሷም አልጠላችውም፤ እንዲያውም ስልክ ስታነሳ «ቆይ-ልሞክረው ነኝ» እስከማለት ደርሳ ነበር።

ሱቋ ፎቅ ቤት ሥር ያለች፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ጎናቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች ወለሉ ላይ ይደረደራሉ። ሙያ ያስጀመሯት አባቷ ናቸው። አባቷ የስፌት መኪና ይጠግኑ ነበር፤ በልጅነቷ አጠገባቸው አስቀምጠው «አንድ ብሎን አላልተሽ አንዴ ስፊበት» ይሏት ነበር። ሁለት ብሎን ባንድ ጊዜ የነካ ሰው መኪናው ቢድንም ምን እንዳዳነው አያውቅም ማለታቸው ነው።

ታላቅ ወንድሟ መሐንዲስ ነው። የሕንጻ ቢምና ምሰሶ ምን ያህል እንደሚሸከም ያሰላል፣ ስንት የፌሮ ብረት እንደሚገባበት ይወስናል፣ ከሥሩም ይፈርማል። ትንሽ ቢሮ አለው። የሚሠራበትን ኮምፒውተር የገጠመችለት እህቱ ነች። ሥራው እየበዛ ሲመጣ አንድ ትልቅ ሕንጻ ለማስላት ማሽኑ አርባ ደቂቃ ይፈጅበት ጀመር።

«ይኼ ነገር አረጀ መሰለኝ» አላት አንድ ቀን።

«አላረጀም፤ ተኝቶብህ ነው። እኔ አነቃልሃለሁ» አለችው።

ያደረገችው ነገር በሙያው ሰዎች ዘንድ ኦቨርክሎክ ይባላል። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አእምሮ፣ ፋብሪካው የወሰነለት ፍጥነት አለው። ቮልቴጁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ፍጥነቱን ከዚያ ወሰን በላይ ማስኬድ ይቻላል። ብዙ ሰው ጌም ለመጫወት ያደርገዋል። እሷም ለብዙ ደንበኛ አድርጋለች። የወንድሟን ማሽን አንድ ቀዝቃዛ ማለዳ ላይ ከፍ አደረገችው፤ ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቅ መፈተሻ ከፍታ አንድ ሰዓት ጠበቀች፤ አልተንገዳገደም። አርባው ደቂቃ ወደ ሃያ ስምንት ወረደ። ወንድሟ ደስ አለው፤ ለሰው ሁሉ «እህቴ ማሽኔን ወጣት አደረገችው» እያለ አወራ።

ይህ ከሆነ ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ። በመሃል ወንድሟ ቢሮ ቀየረ። አዲሱ ክፍል መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ታርፋለች። ማሽኑ አልፎ አልፎ ድንገት ጠፍቶ መነሳት ጀመረ። መሐንዲሱ መብራቱ ነው ብሎ ልብ አላለውም፤ ፋይሉን ቶሎ ቶሎ ማስቀመጥ ብቻ ለመደ። ለእህቱም አልነገራት።

ከዚያ አንድ ቀን ከምሳ በፊት አንድ ሕንጻ አሰላ። ከምሳ መልስ፣ ማተም ረስቶ ስለነበር፣ ምንም ሳይቀይር ያንኑ ደገመው። አንድ ቢም ላይ ቁጥሩ ተለየ። ሦስተኛ ሞከረ፤ የመጀመሪያው ተመለሰ። ፋይሉን ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ልኮ፣ መልሳቸው በመጣ ጊዜ ወደ እህቱ ሊደውል ስልኩን አነሳ።

«አንቺ፣ ይኼ ማሽን ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጠኝ።»

«ፕሮግራሙ ነው» አለች። በሕይወቷ ሳትሞክር ከመለሰቻቸው ጥቂት መልሶች አንዱ ይህ ነበር።

«የፕሮግራሙን ባለቤቶች ጠይቄአለሁ። ፋይሉን ልኬላቸው አሥር ጊዜ አስልተውታል፤ አሥሩም አንድ ነው።»

በማግስቱ መጣች። ጠዋት አምስት ጊዜ አሰሉት፤ አምስቱም አንድ ሆነ። ወንድሟ ያፈረ ይመስል ነበር፤ ልጁ ሐኪም ፊት ትኩሳቱ እንደጠፋበት አባት። «ቆይ፣ ፀሐይዋ ትምጣ» አላት። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ መጣች። በሰባተኛው ሙከራ ቁጥሩ ተለወጠ።

የማሽኑን ጎን ከፈተችው። በማቀዝቀዣው ብረት መሃል አቧራው እንደ ሱፍ ተጋግሯል። እጇ ብሩሽ ፍለጋ ሄዶ መሃል ላይ ቆመ። አሁን ጠርጋ፣ ፍጥነቱንም መልሳ፣ ማሽኑ ቢስተካከል ጥፋቱ የቱ ጋ እንደነበረ አታውቅም። አቧራውን እንዳለ ተወችው። ደብተሯን አውጥታ ቀኑን ጻፈች።

በመጀመሪያ ሁሉንም ነገር ወደ ፋብሪካው ልክ መለሰችና ያንኑ ሕንጻ ደጋግማ አሰላች። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ አንድም ስህተት አልመጣም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ነጻ ወጣ፤ ችግሩ ከፍ በተደረገው ነገር ውስጥ ነው። በሁለተኛው ቀን፣ ያኔ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብራ ያፈጠነችውን ሚሞሪ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ብቻ ከፍ አድርጋ ፈተነችው፤ ደህና። መለሰችው። ከዚያ ፕሮሰሰሩን ወደዚያ ከሁለት ዓመት በፊት ወዳወጣችው ፍጥነት መልሳ፣ ከሱቋ ያመጣችውን ፓወር ሰፕላይ ገጠመችለት፤ ምናልባት የሚበላው ኤሌክትሪክ አንሶት እንደሆነ። ስህተቱ መጣ። ፓወር ሰፕላዩም ነጻ ነው። የድሮውን መልሳ ገጠመችው።

ወንድሟ ከኋላዋ ቆሞ ያያል። «እንደ ፖሊስ ነው የምትሠሪው» አላት።

በሦስተኛው ቀን አንድን ስሌት እየደጋገመ መልሱን ካለፈው ጋር የሚያመሳስል መፈተሻ ጫነች። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስምንት ኮር አለ፤ ስምንት ሠራተኛ ማለት ነው። መፈተሻው ለእያንዳንዱ ለየብቻ ሥራ ይሰጣል። ከሁለት ሰዓት በኋላ አምስተኛው ተሳሳተ። ሰባቱ ቀጠሉ። እንደገና አስጀመረችው፤ አሁንም አምስተኛው። በሦስተኛው ጊዜም እሱው።

አቧራውን የጠረገችው ያን ጊዜ ነው። ከፕሮሰሰሩ በላይ ያለውን ማቀዝቀዣ ነቅላ፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ ቅባት ጠርጋ አዲስ ቀባች። ሙቀቱ አሥራ አንድ ዲግሪ ወረደ። ተስፋ አደረገች፤ ጥፋቱ አቧራው ከሆነ፣ አቧራ የማንም አይደለም። በአምስተኛው ሰዓት ግን አምስተኛው ኮር ተሳሳተ። ፍጥነቱን ሁለት ደረጃ ስታወርደው ሙሉ ቀን ያለ እንከን ሠራ።

ትርጉሙ ግልጽ ነበር። አቧራውና ፀሐይዋ አባባሱት እንጂ አላመጡትም። ያ ኮር እሷ በሰጠችው ፍጥነት ላይ ድሮውንም አልጸናም። አንድ ሰዓት ብቻ ስለጠበቀች፣ ያውም በብርድ፣ አላየችውም። ደብተሯን ወደ ኋላ ገልጣ የዚያን ማለዳ ጽሑፏን አገኘችው። «አንድ ሰዓት። ደህና ነው» ይላል። የራሷ እጅ ጽሕፈት ነው።

ወንድሟ የሕንጻ ንድፍ እያጠፈ ነበር።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለችው።

«ምኑ?»

«ከፍ ያደረግሁት ፍጥነት አልተቻለውም። ያን ጊዜ በደንብ አልፈተንሁትም።»

ንድፉን አስቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሳሳተው?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም?»

«ሲጠፋማ ታየዋለህ። ሲሳሳት ግን አይጮህም። ቁጥሩን ጽፎ ዝም ነው የሚለው።»

መሐንዲሱ ተቀመጠ። ወረቀት ሳበና ከዚያ ማለዳ ወዲህ የፈረመባቸውን ሥራዎች ይዘረዝር ጀመር። ሃያ ሦስት ሆኑ። አብዛኞቹ ገና በወረቀት ላይ ናቸው፤ አራቱ እየተሠሩ ነው፤ ሁለቱ አልቀው ሰው ገብቶባቸዋል።

በፋብሪካው ፍጥነት ሁሉንም እንደገና ማስላት ጀመሩ። እሷ ሱቋን ግማሽ ቀን እየዘጋች፣ ሌላ ማሽን አምጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ እያንዳንዱን ሥራ በሁለቱም አስልተው መልሱን ያስተያያሉ። ሰው የገባባቸውን ሁለቱን አስቀደሙ። ሁለቱም ከተፈረመው ጋር ገጠሙ። መሐንዲሱ ተነስቶ መስኮት ከፈተ። ቀጠሉ። አሥር ገጠመ፤ አሥራ አምስት ገጠመ። ጠጋኟ በልቧ «አመለጥን» ማለት ጀመረች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሃያ አንደኛው ላይ ደረሱ። ባለ ሁለት ፎቅ ጤና ጣቢያ ነው፤ እየተሠሩ ካሉት አንዱ ቢሆንም ፋይሉ ጠፍቶ ስለቆየ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። የደረጃውን ማረፊያ የሚሸከመው ቢም በተፈረመው ወረቀት ላይ አራት ፌሮ ተጽፎለታል፤ ሁለቱም ማሽኖች ስድስት አሉ።

«ይኼ የት ደርሷል?» አለችው።

መሐንዲሱ የቀን መቁጠሪያውን አየ። «ዛሬ ነው አርማታ የሚሞላው» አለና ስልኩን አነሳ። ፎርማኑ አያነሳም። ሁለተኛም ደወለ። ከዚያ ሁለቱም ተነስተው ወጡ፤ የቢሮው በር ሳይቆለፍ ቀረ።

ታክሲ ይዘው ሲደርሱ ማደባለቂያው እየዞረ ነበር። ከላይ፣ የደረጃው ማረፊያ ላይ፣ ጣውላው ተገጥሞ ፌሮው ታስሮ ባዶውን ይጠብቃል። ፎርማኑ፣ ድምፁ ከማደባለቂያው የሚበልጥ ግዙፍ ሰው፣ ባሬላ ተሸካሚዎቹን ያጣድፋል።

«ቢሙን አትሙሉት!» አለ መሐንዲሱ እያለከለከ።

«ኢንጂነር፣ ምን ነካዎት? አርማታው ተቦክቷል እኮ! አርማታ እንግዳ አይደል፣ ትንሽ ቁጭ በል አይባል!»

«በታች ለመተላለፊያው ወለል አውለው። ቢሙ ሁለት ፌሮ ይቀረዋል።»

«በወረቀቱ አራት ነው የሚለው። ራስዎ ነዎት የፈረሙት።»

«ስሌቱ ተሳስቷል።»

«ማነው የተሳሳተው?»

ጠጋኟ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ወንድሟ ቀደማት። «ፊርማው የኔ ነው» አለ።

ፎርማኑ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን፣ አንዴ የሚዞረውን ማደባለቂያ አየ። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ «ወደ ታች! ወደ ታች መልሱት!» ብሎ ጮኸ። ወንድምና እህቱን ደግሞ «ሳይደርቅ መጣችሁ፤ ቢደርቅ በመዶሻ ነበር የምንነጋገረው» አላቸው።

በታክሲው ሲመለሱ ጠጋኟ «ይወድቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«ምናልባት አይወድቅም ነበር» አለ። «ምናልባት እያልሁ ግን አልፈርምም።»

የቀሩት ሁለት ሥራዎች ገጠሙ። መሐንዲሱ ለሃያ ሦስቱም ባለቤቶች ደብዳቤ ጻፈ፤ ምንም ስህተት ላልተገኘባቸውም ጭምር። አብዛኞቹ አመሰገኑት። አንዱ ግን ሥራውን ወስዶ ለሌላ ሰጠው፤ ዛሬ አምኖ የተናገረ ትናንት ስንት ደብቋል ብሎ እንደሆነ አይታወቅም። እህቱን አልወቀሳትም። ስልክ ግን አልደወለላትም። እሷም አልደወለችም። ሰባት ሳምንት ሄደ።

በእነዚያ ሳምንታት እሷ አሮጌ ደብተሮቿን ይዛ ፍጥነት የጨመረችላቸውን ሰዎች ሁሉ ፈለገች። ሠላሳ አንድ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ደውላ «እኔ ከፍ ያደረግሁት ማሽን ሊሳሳት ይችላል፤ አምጡት፣ በነጻ ልመልሰው» አለች። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ በዚያው ቀን ማሽኗን አቅፋ መጣች። አንድ ጌም ወዳድ ጎረምሳ ግን ሳቀባት።

«ቢሳሳትስ ማን ይሞታል?»

«ጌሙ ውስጥ ያለው» አለችው።

«እሱማ ድሮም ይሞታል፤ ተዪልኝ» አላት። ተወችለት።

ቁልፍ ቀራጩ ጎረቤቷ ነገሩ አልገባውም። «ሰው ያላየውን ጥፋት ስልክ ደውሎ ያወራል? ደንበኛ ይሸሽሻል» አላት። የሸሹም ነበሩ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ፍጥነት በአንድ ሰዓት ጨምሮ ይሸኛል፤ እሷ አሁን ሦስት ቀን ማሽኑን ትይዛለች፣ ለሒሳብና ለስሌት የሚሠራበት ሰው ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትነካውም።

ያስታረቋቸው እናታቸው ናቸው፤ ማስታረቅ ከተባለ። አንድ እሑድ ሁለቱንም ለየብቻ ጠርተው፣ ሁለቱ በር ላይ ሲገናኙ አልሸሸጉም።

«አዎ፣ ሆን ብዬ ነው» አሉ። «ምን እንደተፈጠረ ሁለታችሁም ነግራችሁኛል። እሷ የኔ ጥፋት ነው ትላለች፤ አንተ የኔ ፊርማ ነው ትላለህ። ታዲያ በጥፋት ሽሚያ ትኮራረፋላችሁ? እኔ በውርስ የሚጣላ አይቻለሁ እንጂ በዚህ የሚጣላ አላየሁም። ግቡ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል።»

ገቡ። ምግቡ ላይ ስለ ማሽን የተነሳ ነገር አልነበረም። እናታቸው ሳህን ሲያነሱ ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፕሪንተሬ ወረቀት እየቆረጠመ ነው» አላት።

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ወር ገደማ።»

«ወር ሙሉ ዝም አልህ?»

«ምን ላድርግ» አለ። ሁለቱም ወደ ጠረጴዛው አዩ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮው ሄደች። ወረቀት የሚስቡት የጎማ ጥቅሎች አልቀው ነበር። ወንድሟ የእጅ ባትሪ ያዘላት፤ እሷ ቀየረቻቸው።