አንድ ጊዜ ያንኳኳው ሰው

ጃቤዝ ተክዌል የሎርድ ዊንስላድን በር ሲጠብቅ ያረጀ ሰው ነው፤ ሰው የሚለየው ግን በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነበር። ለንደን ውስጥ ባለማዕረግ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ አሽከሩ በሩን እየደበደበ ጎረቤቱን ሁሉ ያስደነግጣል፤ ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር ድብደባው ይረዝማል። ፖስተኛ ሁለቴ ነው። ሥጋ ሻጭ፣ ከሰል አምጪ፣ ሻማ ሠሪ ደግሞ አንዴ ኳ አድርጎ ይጠብቃል። ጃቤዝ ከቆዳ ወንበሩ ሳይነሳ "ይሄ መስፍን ነው፣ ይሄ ጳጳስ ነው" ይላል። አንዴ ለሚያንኳኳ በሩን አይከፍትም፤ እዚያው ተቀምጦ "ታች!" ብሎ ይጮኻል፤ ሰውየውም ወደ ምድር ቤቱ በር ይወርዳል። በዚህ ችሎታው ሲኮራ ለጉድ ነው።

ሎርዱ የሻማ ሠሪ ልጅ ሲያገባ የጃቤዝ ኩራት ተነካ። ሙሽራዋ ሄስተር መልከ መልካም ናት፤ ጠባይዋም አይነቀፍም። ጃቤዝን ያስጠረጠረውም ይኸው ነበር። የምትደብቀው ነገር ባይኖር ለምን ለአሽከር ሁሉ ትሽቆጠቆጣለች?

የሎርዱ እናት፣ አሮጊቷ ሌዲ ዊንስላድም ምራታቸውን አላመኗትም። በሠርጉ ሰሞን ወንበሩ አጠገብ ቆም አሉ።

"ጉልበትህ እንዴት ነው፣ ጃቤዝ?"

"ከድቶኛል፣ እመቤቴ።"

"ገጠር ግቢያችን በር ላይ ያለችው ትንሿ ቤት ባዶዋን ናት። ጓሮ አላት፣ ደረጃ የላትም። የዚች ልጅ ጉድ የወጣ ቀን ያንተ ናት።"

ደረጃ የሌለው ቤት! ጃቤዝ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላለመም። ጆሮውን አቁሞ ጉዱን ይጠብቅ ጀመር።

ጉድ የፈለገ ሰው መቼም አያጣም። ዓመቱን ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ፣ ሎርዱ ከቤት ሲወጣ፣ የምድር ቤቱ በር አንዴ ኳ ይላል። ወዲያው ሄስተር ጫማዋን አውልቃ በኋላው ደረጃ ትወርዳለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነው።

"ሐሙስ የሚመጣው ማነው?" ብሎ በመጨረሻ ወጥ ሠሪዋን ጠየቃት።

"አንተ የምትጠብቀው በር ነው ወይስ የሰው ቀሚስ?" አለችው ዶሮዋን እየነጨች።

ይቺንም ገዝታታለች፣ አለ በሆዱ። ሄዶም ለአሮጊቷ ተናገረ። "ውሽማ ነው፣ እመቤቴ። ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ፤ ተራ ሰው ነው። የድሮ እጮኛዋ ይሆናል።"

በሚቀጥለው ሐሙስ አሮጊቷ ልጃቸውን ከመንገድ አስመለሱት። ጃቤዝ ሻማ ይዞ መራቸው፤ የጉልበቱን ሕመም እንኳ ረስቶት ነበር።

ምድር ቤት ያለው ማድ ቤት የሻማ መሥሪያ ሞራ ይሸታል። ሄስተር እሳቱ ዳር ተንበርክካ የአንድ ሽማግሌ ርጥብ ጫማ ታወልቃለች። ሽማግሌው ሲያያቸው የያዘውን ዳቦ አስቀምጦ ብድግ አለ።

"አባትሽ ናቸው እኮ!" አለ ሎርዱ። "ለምን እዚህ?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ?" አለች ሄስተር። "ያዘዝከው አንተ አይደለህ?"

"እኔ ምን አዘዝኩ?"

"ተይ፣ ልጄ። ጌታዬ፣ እኔ ቅር አላለኝም" አለ ሽማግሌው። "ከሠርጉ ማግስት በላይኛው በር መጥቼ አንዴ አንኳኳሁ። በሩ ሳይከፈት 'ታች!' የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቤታችሁ ሥርዓት ነው ብዬ ወረድኩ። ይኸው ከዚያ ወዲህ በታች እመጣለሁ።"

ሄስተር አለቀሰች። "በአባቴ ያፈርክ መስሎኝ ዓመቱን ሙሉ ፊትህን ስመረምር ከረምኩ። አንድ ቀን እኔንም ታች ይለኛል እያልኩ ስፈራ!"

"እኔ ደግሞ እሳቸው ቤቴን ንቀው የቀሩ መስሎኝ ነበር" አለ ሎርዱ።

ከዚያ ሁሉም ወደ ጃቤዝ ዞሩ። ሻማው እጁ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ጃቤዝ ደረጃው ላይ ደረሰባቸው።

"ትንሿ ቤትስ፣ እመቤቴ?"

"የምን ቤት?" አሉት።

ሎርዱ አላባረረውም። "ሐሙስ ከቦታህ እንዳትጠፋ" ብቻ አለው፤ ይሄ ደግሞ ከመባረር ባሰበት። ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላ አለው።

ሐሙስ ደረሰ። በሩ ተደበደበ። ጃቤዝ በዕድሜው እንዲህ ያለ ድብደባ ሰምቶ አያውቅም፤ መስኮቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ከመስፍን የሚያንስ ሰው ሊሆን አይችልም! ራሱ ላይ ያጠለቀውን ሰው ሠራሽ ጸጉር አስተካክሎ፣ እያነከሰ ሮጦ፣ ሁለቱንም መዝጊያ ከፍቶ መሬት እስኪነካ እጅ ነሣ። ቀና ሳይል የእንግዳውን ጫማ አየ። ሞራ የተንጠባጠበበት ጫማ ነው።

"ኧረ እጄን! ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትደበድቡት?" አለ ሽማግሌው መዳፉን እያሻሸ። ከኋላው ድብደባውን ያስተማረው ሎርድ በሳቅ ይፈርሳል። ሄስተር የአባቷን ክንድ ይዛለች፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

"እንደምን ዋልክ፣ ጃቤዝ" ብላው ገባች።

ትንሿ ቤት ለሌላ ሰው ተሰጠች፤ ጃቤዝ እዚያው ወንበሩ ላይ ቀረ። ጆሮውን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አላመነውም። በተንኳኳ ቁጥር፣ አንዴም ይሁን መቶ ጊዜ፣ እየጠረጠረ፣ ጉልበቱን እየደገፈ፣ እንደማንኛውም ሰው ተነስቶ ማየት ግድ ሆነበት።