ሰማይ ጠባቂዋንም «ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኳት

ሥራ የጀመርኩ ቀን አሥራ ሁለት ጥቅል ምንጣፍ ይዤ ከሚዛን ተፈሪ በሚኒባስ ወደ ቴፒ ሄድኩ። ከከተማው እስከ ቡና ማጠቢያ ጣቢያው ያደረሰኝ የባጃጅ ሹፌር ምንጣፎቹን እየጫነ «ጋሼ፣ ሰርግ ነው ሐዘን?» አለኝ። «ዮጋ ነው» አልኩት። ጥቂት አሰበና «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎኝ ሞተሩን አስነሳ።

ከዚያ በፊት ዕድሜዬን በሙሉ በሚዛን ተፈሪ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ፊሽካዬን ሰቅዬ ጡረታ ስወጣ ወገቤ አስቸገረኝና አዲስ አበባ ያለች እህቴ ዘንድ ሄጄ የአንድ ወር የዮጋ ሥልጠና ወሰድኩ። ወገቤ ተሻለው። የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። በከተማችን ሌላ የዮጋ ወረቀት ያለው ሰው ስላልነበረ ሳልለፋ ሊቅ ሆንኩ።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ታደለ ይባላሉ። ቢሯቸው አስቀመጡኝና ነገሩን አስረዱኝ። የውጭ አገር ገዢዎች ሊጎበኙ ነው፤ አስቀድመውም «ለሠራተኞቻችሁ ደህንነት ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ጽፈዋል።

«ቦት ጫማና ጓንት ብለን መለስን» አሉ አቶ ታደለ። «ሌላስ አሉ። ስለዚህ ውስጣዊ ሰላም ያስፈልገናል። በሁለት ወር ይደርሳል?»

«ውስጣዊ ሰላም እንኳ ጊዜ ይፈልጋል።»

«ገዢዎቹ የሚመጡት በሁለት ወር ነው» አሉኝ። ተስማማን። ጉብኝቱ ካማረ ውሌ ለዓመት እንደሚታደስም ቃል ገቡልኝ። በማግስቱ መጋዘኑ በር ላይ «ዮጋ፦ የውስጣዊ ስምምነትና የፈጠራ መንገድ» የሚል ባነር ተሰቀለ። ለውስጣዊው ስምምነት የተመደበው ሰዓት ከሥራ ላይ አልተነሳም፤ የተነሳው ከሴቶቹ የሻይ እረፍት ላይ ነው።

ሥራቸውን ላስረዳ። ታጥቦ የወጣው ቡና የሚደርቀው ወገብ ድረስ ከፍ ባለ፣ ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራ ረጅም አልጋ ላይ ነው። በአንድ አልጋ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ይቆሙና ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ቡናውን ያገላብጣሉ፣ የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። አልጋው የሁለቱ ነው። ቡናው ዝናብ ከነካው ይበላሻል፣ አልጋውም ከሁለቱ ይወሰዳል። አልጋ የሌላት ሴት ተጠባባቂ ትባላለች፤ ጠዋት በር ላይ ቆማ ከተጠራች ትገባለች፣ ካልተጠራች ትመለሳለች።

የቴፒ ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ስለዚህ ከሴቶቹ አንዷ እየሠራች ሰማዩን ትጠብቃለች። «መጣ» ስትል ሁሉም ሮጦ አልጋውን በላስቲክ ይሸፍናል። በጣቢያው መዝገብ ሥራ አስኪያጅ አለ፣ ተቆጣጣሪ አለ፣ ካቦ አለ። ሰማይ ጠባቂ የሚባል መደብ የለም። ግን ያቺ ሴት ከሌለች ሌሎቹ ሁሉ ምን እንደሚሠሩ አላውቅም።

ሰማይ ጠባቂዋ ዘይነባ ነበረች። ከጅማ በኩል ለትዳር መጥታ ቴፒ የቀረች፣ ቀልድ የምታውቅ ሴት ናት። የአልጋ ጓደኛዋ ማርታ የቤንች ልጅ ናት፤ ብዙ አትናገርም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ አልጋ ፊት ለፊት ቆመዋል። እኔ የመጀመሪያውን ቀን የጀመርኩት እነሱን በመለያየት ነው። ሥልጠናው ላይ እያንዳንዱ ሰው በየምንጣፉ ወደ ውስጡ ይመልከት ተብያለሁና አንዷን ወዲህ፣ አንዷን ወዲያ አደረግኩ።

«ይኼ ነገር ጸሎት ነው?» አለች አንዷ።

«ስፖርት ነው» አልኩ።

«ታዲያ ለምን እንተኛለን?»

መጨረሻ ላይ በጀርባ የሚተኛበት አቋም አለ። ስሙ በቀጥታ ሲተረጎም ሬሳ ነው፤ እኔም በቀጥታ ተረጎምኩት። ዘይነባ ከምንጣፏ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ ሬሳ ለመሆን ምን ያጣድፈናል? ወረፋው ሲደርስ እንተኛ የለ» አለች። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እረፍት» አልኩት።

ሌላው ሁሉ መልካም ነበር። ወገባቸው እየተፍታታ መጣ። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ፤ ስለ ፈጠራ ግን ባነሩም እኔም ምንም አናውቅም ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልሆን አለኝ፦ ዘይነባ በእረፍቱ ጊዜ አንድ ዓይኗን አትጨፍንም።

ጉብኝቱ አራት ቀን ሲቀረው አቶ ታደለ ጠሩኝና ለሪፖርቱ የተነሱትን ፎቶዎች ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። በሁሉም ላይ አንዲት ሴት በአንድ ዓይኗ በጣሪያው ጥግ ክፍተት የሚታየውን ሰማይ ታያለች።

«መምህር፣ እዚህ ውስጥ ሰላም የሌላት ሰው አለች» አሉኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። በማግስቱ ምንጣፏ አጠገብ ተንበረከክኩና «ዘይነባ፣ አንቺም ጨፍኚ እንጂ። ሰማዩ የትም አይሄድ» አልኳት።

«ሰማዩ አይሄድም። ዝናቡ ነው የሚመጣው፣ ጋሼ።»

«አምስት ደቂቃ ናት። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

አየችኝ፤ ከዚያ ጨፈነች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ያህል ደክሟት ኖሯል። አሥራ ሁለቱም ሴቶች ጸጥ አሉ። እንዲህ ያለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም ነበርና እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

የቀሰቀሰን ዝናብ የሚደበድበው የመጋዘኑ ቆርቆሮ ነው። አልጋዎቹ ጋ ስንደርስ ዝናቡ ሥራውን ጨርሷል። ቅርብ ያሉትን አልጋዎች ካቦውና ወንዶቹ ሸፍነዋቸዋል። ጫፍ ላይ ያለው የነዘይነባ አልጋ ግን ከዳር እስከ ዳር ርሷል። ማርታ ቡናውን በእጇ እፍኝ አንስታ አሸተተችና መልሳ አስቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠራን። «ሰማዩን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ። የት ነበርሽ?» አሉ አቶ ታደለ።

«ተኝቼ ነበር» አለች ዘይነባ። ማን እንዳስተኛት አልተናገረችም። ወደ እኔም አላየችም።

እኔ በአፍንጫዬ አየር ሳብኩ፣ አራት ቆጠርኩ፣ ለቀቅኩ። ውስጤ ተረጋጋ። ለካ ዝም ለማለትም መረጋጋት ያስፈልጋል። ውሌን የሚያሳድሰው ጉብኝት ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። አልጋው ተወሰደ፤ ዘይነባና ማርታ ከነገ ጀምሮ ተጠባባቂ ናችሁ ተባሉ።

በማግስቱ ጠዋት ምንጣፌን በብብቴ ይዤ ስመጣ ሁለቱ በር ላይ ቆመዋል። አልተጠሩም። ዘይነባ ሰላምታ ሰጠችኝ፣ ጤናዬንም ጠየቀችኝ። ማርታ ግን ፊቴ ቆመች።

«መምህር፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ ብለው ነበር። የት ወሰዱት?»

አፈርኩ። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ተማሪ ሳለሁ እንኳ። ቀጥታ ቢሮ ገባሁና እሷ የተኛችው እኔ ጨፍኚ ስላልኳት መሆኑን፣ እንቢ ብላኝም እንደነበር፣ ትናንት ዝም ያልኩትም ለውሌ ብዬ እንደሆነ ነገርኳቸው።

አቶ ታደለ ተነስተው በሩን ዘጉ። «ይህን ከጉብኝቱ በኋላ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አሉ።

«በሩ ላይ የቆሙት ዛሬ ነው» አልኩ።

አልጋው ተመለሰላቸው። እኔ ተሰናበትኩ። ምንጣፎቹ በጣቢያው ገንዘብ የተገዙ ስለነበሩ እዚያው ቀሩ፤ የተመለስኩት ባዶ እጄን ነው።

የጉብኝቱን ቀን የነገረችኝ ዘይነባ ናት፤ ከወራት በኋላ ለልጇ ጉዳይ ሚዛን መጥታ ቤቴ ድረስ ጠይቃኝ ሄደች። እንግዶቹ ዮጋውን እንይ አሉ። አስተማሪ የለም። አቶ ታደለ ላብ በላብ ሆኑ። ያኔ ዘይነባና ማርታ አልጋቸው ጋ ወጡ። በአልጋው ወዲህና ወዲያ ቆመው እጅ ለእጅ ተያያዙና ወደ ኋላ ተሳሳቡ፤ ጀርባቸው እስኪዘረጋ። አንዷ የምሥራቁን ሰማይ ታያለች፣ ሌላዋ የምዕራቡን። ዓይን የጨፈነ ማንም የለም። በየአልጋው ያሉት ሴቶችም ተከተሏቸው። እኔ ከለያየኋቸው ቀን ጀምሮ ለካ ምንጣፉ ላይ የተማሩትን ሥራ ላይ ሲሆኑ በራሳቸው መንገድ ይሠሩት ነበር።

እንግዶቹ በጣም ወደዱት። የማን ፈጠራ ነው ሲሉ አቶ ታደለ «የድርጅቱ» ብለው መለሱ። ዘይነባ ይህን ስትነግረኝ እስክታነባ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፣ ጥቂትም ቀናሁ።

አሁን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን የቢሮ ሠራተኞችን አስተምራለሁ። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚጀምሩት። ከማን ተማሩት ለሚለኝ ከዘይነባና ከማርታ እላለሁ። አንድን ሰው ዓይንህን ጨፍን ከማለቴ በፊትም ምን እየጠበቀ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።