የድምፁ ባለቤት

ቢቸና ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። ከሱቅ ስመለስ የምሠራውን ሌላውን ሥራ ግን ለሰው ማስረዳት አቅቶኝ ነው የኖርኩት። በየአገሩ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች ተባብረው በነፃ የሚያዘጋጁት የኮምፒውተር ሲስተም አለ። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ሶፍትዌር ጥቅል ይባላል፤ እያንዳንዱ ጥቅልም ባለቤት አለው። ባለቤቱ ሲሰለች ወይም ሲጠፋ ጥቅሉ ያረጃል። እኔ እንዲህ ያሉትን እየፈለግሁ አድሳለሁ። እናቴ "ማን አዘዘህ?" ትለኛለች።

ካረጁት አንዱ የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ጥቅል ነበር። እሱን የሚጠቀም አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ሞጣ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ስማር ያስተማሩኝ ዓይነ ስውር መምህሬ ናቸው። ድሮ መጽሐፍ የሚያነብላቸው ሰው ሲለምኑ ይውሉ ነበር። ያ ድምፅ ከመጣ ወዲህ ፈተና ሳይቀር ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው የሚመስለው፤ እሳቸው ግን "ጓደኛዬ" ይሉታል።

የሲስተሙ አዲስ እትም ሊወጣ ሲል ጥቅሉ ከአዲሱ ጋር አልሠራ አለ። እስከ መዝጊያው ቀን ካልታደሰ ይወገዳል። ጥገናውን እኔ ጨርሼዋለሁ። ችግሩ የሰው ጥቅል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነካም፤ ባለቤቱ መልስ ካልሰጠ ደግሞ በጎ ፈቃደኞቹ ሁሉ በሚያነቡት የኢንተርኔት መድረክ ላይ "እገሌ ጠፍቷል፤ ጥቅሉ ለሌላ ይሰጥ" ብሎ ማስታወቅ ነው ደንቡ። ለባለቤቱ ደጋግሜ ጻፍኩ። ወይ ፍንክች።

ሚኒባስ ይዤ ሞጣ ሄድኩ፤ የታደሰውን ድምፅ በእኔ ላፕቶፕ ላይ ለመምህሬ አሰማኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡና "እሱው ነው" ብለው ሳቁ። መቼ እንደሚገባ ሲጠይቁኝ ስለ ማስታወቂያው ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

"የሰውየውን ስም በአደባባይ እንዳታነሳ" አሉኝ። "ታሞ ይሆናል፤ ሐዘን ደርሶበት ይሆናል። እኛ የጠፋ ሰው ቤቱ ድረስ ሄደን እንጠይቃለን እንጂ ጠፋ ብለን እናውጃለን?"

የት አገር እንዳለ እንኳ እንደማላውቅ ነገርኳቸው።

"እንግዲያው ጠብቀው። በእኔ የተነሳ ሰው አይዋረድም።"

ማስታወቂያው ስድብ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ክፍል ውስጥም ተከራክሮ የረታቸው ተማሪ አልነበረም። ደብቄአቸው ማድረግ እችል ነበር። ግን የሚጎዱት እሳቸው ሆነው እምቢ ካሉ እኔ ማን ነኝ? ቢቸና ተመልሼ ጠበቅሁ። ኔትወርኩ ሄዶ በመጣ ቁጥር ኢሜይሌን እከፍታለሁ። ምንም የለም።

የመዝጊያው ቀን ደረሰና ጥቅሉ ተወገደ። የነገረኝ ማሽን በራሱ የላከው ኢሜይል ነው፤ የምቆጣው ሰው እንኳ አላገኘሁም። ብዙም ሳይቆይ መምህሬ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ወደ አዲሱ እትም ተቀየሩ፤ እሳቸውም ደውለው "ጓደኛዬ ዝም አለ" አሉኝ። ሄጄ በእጄ ጫንኩላቸው። ትምህርት ቤቱ ከሲስተሙ የጥቅሎች ማከማቻ ያልመጣን ነገር በየእድሳቱ ስለሚያጠፋ ሳይቆይ ተመልሶ ጠፋ። ጥቅሉ ሊመለስ የሚችልበት የሚቀጥለው እትም ደግሞ ሩቅ ነው።

ከዚያ በኋላ የባለቤቱ መልስ መጣ። ይቅርታ ጠየቀና ያንን ጥቅል ከተወው መቆየቱን ጻፈልኝ። መድረኩ ላይ አስታውቄ ብወስድለት ኖሮ ደስ ይለው እንደነበር፣ ደንቡም የወጣው ለዚሁ እንደሆነ ጨመረበት። አንብቤ ስጨርስ ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። በእሱ እንዳልናደድ ሰውየው ትሑት ነው። በመምህሬ ደግሞ እንዴት ብዬ?

ባለፈው መምህሬ ደወሉልኝ። የዚያን ዕለት የሚያነብላቸው ጎረቤት ሲጠብቁ መዋላቸውን ነገሩኝ።

"ተመልሼ የሰው አፍ ጠባቂ ሆንኩልህ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ለመሆኑ ሰውየው ተገኘ?"

"ተገኝቷል፣ መምህር።"

"ምን ሆኖ ኖሯል?"

የጻፈልኝ ነገር ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

"ምንም አልሆነም። ደህና ነው።"

"ተመስገን" አሉ ከልባቸው። "እንኳንም ስሙን አላነሳህበት። ሰላም ብለውሃል በለው።"