በግዳንስክ የቆሙልኝ ሽማግሌዎች

ሞተር ሳይክል አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ከዙሪክ ተነስቼ ፖላንድ፣ ባልቲክ ባሕር ድረስ በሞተር መሄዴን የሰማ ሁሉ ጀብደኛ አድርጎ ያየኛል። እኔን ሞተር ላይ ያስቀመጠኝ ፍቅር ነው፤ እሱም የባለሞተሩ እህት ፍቅር።

ልጅቷ ዙሪክ አጠገብ፣ ኡስተር በምትባል ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። እኔ ዙሪክ ውስጥ ኦርሊኮን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ የቢሮ ሠራተኞች በሚመገቡበት ካንቲን አበስላለሁ። ወንድሟ የሚኖረው ጄኔቭ ውስጥ ቬርኒየ ነው። አባታቸው ካረፉ ወዲህ በአባት ቦታ ያለው እሱ ስለሆነ፣ ያለ እሱ ፈቃድ አላገባም ብላለች። እስከዚያው ግን በሰው ሁሉ ፊት አብረን እንዞራለን፤ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት ይህ ነው። ወንድሟ ያውቃል፤ ማወቁን እኛም እናውቃለን። ሽማግሌ ስላልተላከ ግን እንደ ደንቡ ማንም ምንም አያውቅም።

"ታዲያ ሽማግሌ አትልክም?" ይለኛል ሰው። በአፍ ቀላል ነው። ወንድሟ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር የወጣ ሰው ነው፤ እኔም እንደዚያው። ያን ጊዜ ሁላችንም በአንድ ወገን ነበርን። ኋላ ተቃዋሚው እርስ በርሱ ሲከፋፈል ወንድሟ ከግማሹ ሰው ጋር ተጣላ፤ ከቀረው ግማሽ ጋር ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ተኳረፈ። ከጄኔቭ እስከ ዙሪክ ፀጉሩ የሸበተ ሐበሻ ሁሉ ወይ እሱ ያኮረፈው ነው፣ ወይ እሱን ያኮረፈ። በአስታራቂነት የሚታወቁ አንድ አባት ብለምናቸው፣ "እዚያ ቤት ከምገባ ሲኦል ብገባ ይሻለኛል" አሉኝ።

አንድ ሐምሌ ላይ ወንድሟ በሞተር ወደ ባልቲክ ሊሄድ ሲል አብሮት የሚጓዘው ጓደኛው ወገቡን ታሞ ቀረ። "አብረኸው ሂድ፤ መንገድ ሰውን ያቀራርባል" አለችኝ እሷ። መንጃ ፈቃዱን ያወጣሁትም እሱን ደስ ይበለው ብዬ ነው። መንገዱን ሁሉ በየሞተራችን ሆነን በሄልሜት ሬዲዮ የተነጋገርነው ግን ስለ ቤንዚንና ስለ ሽንት ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጀርመን ውስጥ ነዳጅ ማደያ ላይ ድፍረት አገኘሁና፣ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርህ ፈልጌ ነበር" አልኩት። ገና ሳልጨርስ ሄልሜቱን አጠለቀ።

"ሰው የራሱን ጉዳይ በራሱ አፍ አያወራም። አሳዳጊ የበደለው እንዳትባል!" ብሎኝ ሞተሩን አስነሳ።

እንዲህ ሆነን ለአንድ አዳር ብለን ግዳንስክ ገባን፤ በማግስቱ ዝናቡ አላስወጣ አለን። ጥንታዊ የወደብ ከተማ ናት። ወንዙ ዳር ጥቁር የእንጨት ክሬን ቆሟል፤ ቀጫጭን ባለ ቀለም ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈዋል፤ በየሱቁ ድንጋይ የሆነ የዛፍ ሙጫ ለጌጥ ይሸጣል። ወንድሟ በዝናብ እየተደበደበ በየግንቡ ፊት ይቆምና፣ "ታሪክ ማለት ይሄ ነው! ሰዎቹ ጠብቀው አቆዩት፤ የእኛ ሰው ቢሆን ያፈርሰው ነበር" ይላል። እኔ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ ስለነበር በታሪክ አልተከራከርኩም።

ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ የሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ነው። ሚስትየዋን እማማ እንበላቸው። ጀርመን አገር ሠርተው ስለኖሩ ጀርመንኛ ይችላሉ፤ ባላቸው ግን ከፖላንድኛ በቀር አያውቁም፤ እሱንም ብዙ ሲናገሩ አልሰማሁም። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሾርባ ሲያመጡልኝ እንኳ ግድግዳውን እየደገፉ ነበር። ወንድሟ ፎቅ ላይ ልብሱን ሲቀይር እኔ የከተማውን ጥንታዊነት አደነቅኩላቸው።

"የቱ ጥንታዊ?" ብለው ሳቁ። "ሁሉም በጦርነቱ ፈርሶ እንደገና የተሠራ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ፍርስራሹ ላይ ነበር የምንጫወተው። እነዚያ ቤቶች ታናናሾቼ ናቸው።"

ማንኪያዬ አየር ላይ ቀረ። ከጥንታዊው ከተማ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ከወንድሟም ጋር ያልተጣሉ ሁለት ሰዎች አንድ ጣሪያ ሥር! የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔም ነገሬን ከሥር ከመሠረቱ አጫወትኳቸውና ከባላቸው ጋር ሽማግሌ እንዲሆኑልኝ ለመንኳቸው። ቆማችሁ ነው የምትናገሩት አልኳቸው፤ ወንበር ቢቀርብላችሁም እሺ ሳትባሉ አትቀመጡም። ደግሞ ወንድሟ መጀመሪያ እምቢ ይላል።

"ለምን? ይጠላሃል?"

"አይደለም፣ ደንቡ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ ካለ እህቱን እንዳረከሰ ይቆጠራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ይላችኋል።"

"ከሁለት ሳምንት በኋላ እናንተ የት ናችሁ?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። እማማ ለባላቸው በፖላንድኛ ነገሯቸው። ሰውየው ቃል ሳይተነፍሱ ተነሥተው ሄዱ፤ ተቀየሙ ብዬ ስሳቀቅ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ናፍታሊን ናፍታሊን እየሸተቱ ተመለሱ።

ወንድሟ ሳሎን ካርታ ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ብድግ ብሎ ወንበር አሳያቸው፤ እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙሉ ልብሱን አየ፤ እኔን አየ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሽማግሌዎች ናቸው፣ ጋሼ።"

"የማን?"

"የእኔ።"

ይስቃል ወይም ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ካርታውን አጠፈ፣ የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። "ለምን ጉዳይ እንደመጡ ጠይቅልኝ" አለ። የጄኔቭ ሰው ስለሆነ ፈረንሳይኛ እንጂ ጀርመንኛው አዎ ከሚለው "ያ" እና አይደለም ከሚለው "ናይን" አያልፍም። ስለዚህ የራሴን ሽምግልና የምተረጉመው ራሴ ሆንኩ።

"ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ይላሉ" አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

"ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው በላቸው" አለ፣ እኔን እንደሌለሁ ቆጥሮ።

እማማ ረዘም አድርገው ተናገሩ። "ጥሩ ልጅ ነው ይላሉ" ብዬ አሳጠርኩት።

"ሙሉውን ተርጉም!"

"የበላበትን ሳህን ያጥባል። ሞተር በጣም ይፈራል፤ እየፈራም ለእሷ ሲል ይነዳል ይላሉ።"

"መፍራቱን ከኋላዬ ሳየው ነው የመጣሁት። ቤተሰቡስ? ወገኑ ማን ነው?"

ይህ ጥያቄ በየሽምግልናው ያለ ነው፤ መምጣቱ አይቀርም ነበር። እኔ ግን አልተዘጋጀሁበትም። አባቴ ያረፈው እኔ የስደተኛ ወረቀት ይዤ አገር ቤት መሄድ በማልችልበት ጊዜ ነው፤ ካንቲኑ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ አለቀስኩለት፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። "ወገኖቹ እነማን ናቸው ይላል" ብዬ ተረጎምኩላቸው። እማማ ወደ ባላቸው ዞሩ። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው አጭር ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አለ ወንድሟ።

"እኛ ነን አሉ።" እንባዬ እንዳይታይ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ጥያቄው ከባድ ነው፤ ዘመድ ማማከር ያሻል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ በላቸው።"

ተረጎምኩ። እማማ በእርጋታ ሰሙኝ፤ ግን ንቅንቅ አላሉም።

"በለው" አሉኝ፣ "የት ሄደን ነው የምንመለሰው? ቤታችን እኮ ነው። ሁለት ሳምንቱን እዚሁ ቆመን እንጠብቃለን።"

ይህንን ሙሉውን ተረጎምኩት። ወንድሟ ወደ እማማ አየ። አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ ነው፤ የታመመው ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። እሱ በደንብ ያደገ ሰው ነው፤ እናቱን የሚያህሉ ሴት ቆመው መቀመጥ አይችልም፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለትም አይችልም። ብድግ አለ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ብድግ አለ። ካርታውን ዘረጋው፤ መልሶ አጠፈው።

"ይቀመጡ በላቸው" አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

ሰማሁ፤ ጀርመንኛው ግን ጠፋኝ። ወንበር ስቤ አስጠጋሁላቸው።

እማማ ወንበሩን ይዘው ቆሙና፣ "እሺ ብሏል እንዴ?" ሲሉ ጠየቁኝ። ወንድሟ እኔን መጠበቅ ሰለቸውና ራሱ መለሰላቸው።

"ያ፣ ያ" አላቸው።