በጥላ ሥር የተንሸራተተው ማር

ፈሳሽ በጠጣር አካል ላይ ሲያልፍ፣ አካሉን የሚነካው ስስ ንብርብር ባለበት እንደሚቆም ጅማ በሚገኘው ኮሌጃችን ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ይህ የፈሳሽ ፍሰት ኮርስ በኮንትራት በእጄ ቀርቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ኮቴን ለብሼ ከሰፈሬ ከቦሳ አዲስ የምወጣው ለእሱ ብቻ ነበር።

አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በየአቅጣጫው በሚከፈቱበት በዚያ ዘመን፣ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ውጭ አገር ተምሮ ተመለሰና ባልደረባዬ ሆነ። ተማሪዎች ኮሪደር ላይ ከበውት ባየሁ ቁጥር እቀናበት ነበር። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኮርሱን ለማን እንደሚሰጥ ሊወስን በተቃረበበት ሳምንት፣ ይህ ወጣት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም ወደ ግቢው ጠራን።

ሁለት ጠፍጣፋ ሳህኖች እኩል አዘንብሎ አቁሟል። አንዱ ተራ መስታወት ነው። ሌላው ከላይ እስከ ታች እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ተቀርጸውበት፣ ውሃ የማያስጠጋ ቅብ ተቀብቷል። በሁለቱም ላይ ከጅማ አጠገብ ካለው ከደዶ የመጣ ማር እኩል አፈሰሰ። በመስመሮቹ ላይ የፈሰሰው ቀድሞ ደረሰ።

«ማሩ መስመሮቹ ውስጥ አይገባም» አለ። «ከሥሩ አየር ይቀራል፤ አየር ደግሞ ማርን አይዝም። የጎደሬ ቅጠል ላይ ውሃ ድቡልቡል ብሎ የሚንከባለለውም እንዲሁ ነው።»

ጎደሬ በአጥሬ ሥር ይበቅላል። ዝናብ ባባራ ቁጥር ያንን ጠብታ እያየሁ አልፌያለሁ፤ አንድም ቀን ግን አልጠየቅሁም። እሱ ጠየቀ።

«ቆይ!» አልሁት። «ባለመስመሩ ሳህን ፀሐይ ላይ ነበር። የሞቀ ማር ይቀጥናል። ይህ ማስረጃ አይባልም።»

«ሜ ጋሼ፣ እባክዎ ማሩን እንኳ ይማሩት!» አለ አንድ ተማሪ ከኋላ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ወጣቱ መምህር አልሳቀም። «እውነትዎን ነው» ብሎ ሳህኖቹን ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር አዛወረ። ሙቀታቸው እኩል መሆኑን በቴርሞሜትር ያረጋገጥሁት እኔ ራሴ ነኝ። ዳግመኛ አፈሰሰ። ልዩነቱ ጠበበ፤ ቀድሞ የደረሰው ግን ያው ባለመስመሩ ነበር። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው መስመሮቹ አግድም እንዲሆኑ ሳህኑን አዞረና «እንዲህ ሲሆን ጥቅሙ ይቀንሳል» አለ። ማሩ ዘገየ። በዚህ ጥያቄ ላፋጥጠው አዘጋጅቼ ነበር። እሱንም ቀማኝ።

ተማሪዎቹ በተረፈው ማር ላይ ዳቦ ይዘው ተረባረቡ። ኃላፊው ጠጋ አለኝ።

«እርስዎ ባይፈትኑት ኖሮ አላምንም ነበር። ታዲያ ኮርሱን ለማን ልስጥ ይላሉ?»

ሌላ መልስ ፈለግሁ። ቴርሞሜትሩ ግን ገና በእጄ ነበር።

«ለእሱ።»

ወጣቱ ይህን ሳይሰማ፣ ማር የነካ ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ መጣ። «ይቅመሱ እንጂ፣ ጋሼ።»

«ጾም ነው» አልሁት።

ማር በጾም እንደማይከለከል፣ የቅዳሴ መውጫ ሰዓትም እንዳለፈ ሁሉም ያውቁ ነበር። ማንም አላረመኝም።