ከንስሐ በኋላ የሄድሁበት ቤት

ልጅ እያለሁ አባቴ ባሕር ዳር በአንድ ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ቤታችንም ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ነፋሱ የዓሣና የእርጥብ ደንገል ሽታ ይዞ ይቀበለን ነበር። አምስተኛ ክፍል ሳለን የአማርኛ መጽሐፍ ለአራት ተማሪ አንድ ነበር የሚደርሰው። የእኛን የምትይዘው ጓደኛዬ ብርቱካን ነበረች። እናቷ እትዬ ሙሉ ማንጎና ዘይቱን እየሸጡ ብቻቸውን ያሳድጓት ነበር።

አንድ ቀን ብርቱካን ሱዚ ስትዘል መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣሁ። ተረቱን ብቻዬን ላነበው ጓጉቼ ነበር። ከትምህርት በኋላ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳነብ ከእጄ አምልጦ ውኃ ውስጥ ገባ። ሳወጣው ገጾቹ ተጣብቀዋል። ደንገሉ ውስጥ ሸሸግሁትና ወደ ቤቴ ሮጥሁ።

በማግሥቱ መምህራችን ብርቱካንን ጠየቋት። “ከቦርሳዬ ጠፋብኝ” ብትልም አላመኗትም፤ ወላጅ አስጠሩ። እትዬ ሙሉም በንዴት “መጽሐፍ መጠበቅ ካቃተሽ ከእኔ ጋር ማንጎ ትሸጫለሽ” ብለው ከትምህርት አስቀሯት። ሳምንቱን ሙሉ ቦታዋ ባዶ ነበር። እኔም እህል አልበላ አለኝ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና ቤተሰባችን ለንስሐ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ መምሬ አምሳሉ ሄደ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ዋርካው ሥር ተቀምጠው አንድ በአንድ ያናግሩን ነበር። ተራዬ ሲደርስ ሁሉንም ነገርኋቸው። አልተቆጡም። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ደግ አደረግሽ” አሉና ስግደት አዘዙልኝ።

እፎይ ብዬ “ታዲያ ለእናቷ ይነግሩልኛል?” አልኋቸው።

“እኔማ የሰማሁትን ይዤ ነው መቃብር የምወርድ። የንስሐ ነገር አይወጣም” አሉ። ቀጥለውም “እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው። ብርቱካን ግን አሁንም እቤቷ ናት። ሂጂና ንገሪያቸው” አሉኝ።

ስደርስ እናትና ልጅ ደጃፉ ላይ ማንጎ ይለቅሙ ነበር። “መጽሐፉን የወሰድሁት እኔ ነኝ” አልሁ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። ይመቱኛል ብዬ ስጠብቅ እትዬ ሙሉ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“መታሁሽ እኮ” አሏት ቀስ ብለው። “እውነቱን ነግረሽኝ መታሁሽ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።”

ብርቱካን እንባዋን ጠርጋ እኔን አየችኝ። “ነገ ለመምህሩም ትነግሪያለሽ?”

“እነግራለሁ።”

ነገርሁ። ሁለት ሳምንት ክፍል ጠረግሁ፤ አባቴም መጽሐፉን ተካ። ብርቱካን ተመለሰች፣ ግን እስከ ፋሲካ አላናገረችኝም። ከበዓሉ በኋላ አንድ ጠዋት ወንበሯ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። መታረቃችን እሱ ነበር።

መምሬ አምሳሉ ካረፉ ቆይተዋል። ዛሬም በጾም ወቅት ንስሐ እገባለሁ፤ ግን ትልቅ ሰው ሆኛለሁና መናገር ተምሬያለሁ። ሥራው አጨናንቆኝ ነው፣ የበደልሁት ሰውም ቢሆን በድሎኛል፣ ጊዜው ከፍቷል እላለሁ። የአሁኑ ነፍስ አባቴ በትዕግሥት ያዳምጡኛል። ያች የአምስተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ትንፋሽ የጨረሰችውን፣ እኔ ምክንያቴን ስደረድር ሳልናገረው እመለሳለሁ።