ዝናብ የሌለበት መስከረም

ሎይዞስ በዚያች አሮጌ መርሴዲስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ ሲያመላልስ ኖሯል። ጠዋት ከባሕሩ አፋፍ ወዳለው የጥንታዊቷ ከተማ የኩሪዮን ፍርስራሽ፣ ከሰዓት ወደ ተራራው የወይን መንደሮች። የዚያን ቀን ግን ዓይኑ ከተራራው ጫፍ አልነቀል አለ። ጥቁር ደመና ተቆልሎበታል።

እዚያ መንደር የአባቱ የአቶ ኪፕሪያኖስ ወይን ለጣፋጩ የወይን ጠጅ መሬት ላይ ለፀሐይ ከተሰጣ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ለመጠውለግ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነበር። ዝናብ ከነካው ይሻግታል፤ የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ሽማግሌው እንደ አገሩ ልማድ የነሐሴን የመጀመሪያ አሥራ ሁለት ቀናት ሰማዩን እያዩ፣ አንዱን ቀን ለሚመጣው አንድ ወር የአየር ምልክት ቆጥረው፣ «መስከረም ጠብታ የለውም» ብለው ፈርደዋል። የእሳቸው የነሐሴ ትንቢት ደግሞ ለመንደሩ ወንጌል ነው። ጎረቤታቸው መበለቲቱ ፓናዮታ እንኳ ቃላቸውን አምና ሸራዋን ለወንድሟ አውሳ ወይኗን ከጎናቸው አስጥታለች። ሎይዞስ በድብቅ አንድ ሸራ ገዝቶ ከመኪናው ኋላ ወሽቋል፤ ማውጣቱ ግን አባትን ዋሾ ማለት ሆነበት።

የዕለቱ እንግዳ፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ እትዬ ቴዎግኖሲያ፣ በኩሪዮን ጥንታዊ ቲያትር ደረጃ ላይ ጎንበስ ብለው የድንጋይ ላይ ጽሑፍ ያነባሉ።

«እትዬ፣ እንሂድ?»

«ምነው ሎይዞስ! ድንጋዩ ሁለት ሺህ ዓመት ቆይቷል፤ አንተ ሩብ ሰዓት አቃተህ?»

«ድንጋይማ ዝናብ አይፈራም። የአባቴ ወይን መሬት ላይ ተሰጥቶ ነው እንጂ።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው ተራራውን አዩ። «ታዲያ እስካሁን አፍህን ምን ለጎመው? ና ንዳ!»

ዳገቱ ላይ ወይን የጫነ መኪና እየተንፏቀቀ መንገዱን ዘጋባቸው። ሎይዞስ ጥሩምባውን ሲያስጮኸው ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ሙሽራ ይዘሃል እንዴ?»

«አዎ፣ ሙሽራዋ እኔ ነኝ! ዞር በል!» አሉ እትዬ ቴዎግኖሲያ። ሰውየው እየሳቀ ጥጉን ያዘ። ሎይዞስ ግን አልሳቀም፤ በመጨረሻው ጥምዝ ላይ የመጀመሪያዋ ጠብታ መስታወቱን መታች።

አቶ ኪፕሪያኖስ ከወይናቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰማዩን አፍጥጠው ያያሉ።

«አባባ፣ ሸራ አለኝ።»

«መቼ ገዛኸው?»

«በነሐሴ።»

«አላመንከኝም ማለት ነዋ።»

ጠብታው እየወፈረ መጣ።

«ስንቱን ይሸፍናል?» አሉ ሽማግሌው።

«የእኛን ብቻ ይሸፍናል።»

«የእኛን ተወው። የፓናዮታን ሸፍን።»

«አባባ! የዓመት እንጀራችን እኮ ነው!»

«እኔ ሰማይ አይቼ ተሳሳትኩ። እሷ ምን አየች? የእኔን አፍ ብቻ። ሸፍን ብዬሃለሁ!»

ሎይዞስ ሸራውን ጎትቶ አወጣ። በመበለቲቱ ወይን ላይ ዘረጋው፤ እትዬ ቴዎግኖሲያም በከተማ ጫማቸው እርጥብ አፈር እየረገጡ አንዱን ጫፍ ያዙ። ፓናዮታ ሽርጧን በራሷ ላይ ጥላ እየሮጠች ስትደርስ ዝናቡ ወረደ። የራሷ ወይን ተሸፍኖ፣ የእነሱ ተገልጦ ስታይ ደነገጠች።

«አያ ኪፕሪያኖስ፣ የእናንተስ?»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሥተው ሸራው ዳር ከጎኗ ተንበረከኩ።

«የእኛን ተይው። ይልቅ ጫፉን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፤ ነፋሱ መጣ።»